አማኝ ሲጠራጠር፦ ሁሉም ጥርጣሬ አንድ ዓይነት አይደለም

ጥርጣሬ የገባው ክርስቲያን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሸክም ይሸከማል። አንዱ ጥያቄው ራሱ ነው። ሁለተኛውና ብዙ ጊዜ የሚከብደው ደግሞ «ይህን እያሰብሁ ክርስቲያን ነኝ ልል እችላለሁ?» የሚለው ፍርሃት ነው። ሲዘመር አብሮ ይዘምራል፤ ሲጸለይ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ውስጡ ግን ጭር ብሎበታል። ለማን ይናገር? ቤተሰቡ ይደነግጣል። ጓደኞቹ «ጸልይበት» ይሉታል። የሚያገለግል ከሆነም ከአገልግሎት እንዳይነሣ ይሰጋል። ስለዚህ ሆድ ይፍጀው ብሎ ይቀመጣል፤ ጥያቄውም በዝምታ ውስጥ ይከርማል።

ጥርጣሬ በሚል አንድ ስም የምንጠራቸው ነገሮች በባሕርያቸው በጣም የተለያዩ ናቸው። ልጇን የቀበረች እናት፣ የብራና ጽሑፎችን ታሪክ ሲያነብ የታወከ ተማሪ፣ ክፉ ሐሳብ ያለ ፈቃዱ ወደ አእምሮው እየመጣ የሚያሠቃየው ወጣት፣ በመሪው የተበደለ ምእመን፣ ሁሉም «እየተጠራጠርሁ ነው» ሊሉ ይችላሉ። ለአራቱም አንድ መልስ መስጠት የጆሮ መድኃኒት ዓይን ላይ እንደ ማፍሰስ ነው። በእኔ እምነት ብዙ ሰዎችን ከቤተ ክርስቲያን ያራቃቸው የጥያቄያቸው ክብደት ብቻ አይደለም። ላልጠየቁት ጥያቄ መልስ እየተሰጣቸው፣ የጠየቁት ሳይሰማላቸው መቅረቱም ነው።

በቅድሚያ ግን ፍርሃቱን እንመልከት።

ማመን፣ መጠራጠር እና መካድ

ብዙዎቻችን እምነት ማለት አንዲት ጥያቄ እንኳ የሌለበት የልብ እርግጠኝነት እንደ ሆነ አድርገን ተምረናል። መጽሐፍ ቅዱስ ግን የአማኞችን ታሪክ እንደዚህ አይተርክም። በዘፍጥረት 15፥6 አብራም በእግዚአብሔር እንዳመነ፣ ያም ጽድቅ ሆኖ እንደ ተቈጠረለት ይነገረናል። ሁለት ቁጥር ብቻ ወረድ ስንል ያው አብራም ስለ ምድሪቱ «እንድወርሳት በምን አውቃለሁ?» ብሎ ይጠይቃል። እግዚአብሔርም «ቅድም አምነህ አልነበረምን?» አላለውም፤ ቃል ኪዳን ገባለት። በማቴዎስ 28፥17 ደግሞ ደቀ መዛሙርቱ ከሞት የተነሣውን ጌታ ባዩት ጊዜ ሰገዱለት፤ «የተጠራጠሩ ግን ነበሩ» ይላል ወንጌላዊው። ወደ አሕዛብ ሁሉ ሂዱ የሚለው ትልቅ ትእዛዝ የተነገረው በዚያው ቦታ፣ ለእነዚያው ሰዎች ነው። የተጠራጠሩት ተለይተው ወደ ጎን አልተደረጉም።

እምነት ከማወቅ ይልቅ ለመታመን፣ ራስን ለሌላ አሳልፎ ለመስጠት ይቀርባል። መካድ ጀርባ ለመስጠት የሚወሰድ ውሳኔ ነው። የሚጠራጠር ሰው ገና በሁለቱ መካከል ነው፤ ፊቱም አብዛኛውን ጊዜ ወደ እግዚአብሔር እንደ ዞረ ነው፤ ባይሆን ኖሮ ጉዳዩ እንዲህ ባላሳመመው። በማርቆስ 9፥24 የታመመው ልጅ አባት «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ሲል ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ ተናገረ። ኢየሱስ አለማመኑን አጥርቶ እንዲመለስ አላዘዘውም፤ ልጁን ፈወሰለት።

«ያዕቆብስ?» የሚል አንባቢ ይኖራል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ያዕቆብ 1፥6-7 የሚጠራጠር ሰው በነፋስ የሚነዋወጥ የባሕር ማዕበል እንደሚመስል፣ ከጌታም አንዳች እንዲያገኝ አይምሰለው ይላል። ይህን ጥቅስ ማለዘብ አልፈልግም። ነገር ግን ክፍሉ የሚጀምረው ጥበብ የጎደለው ሰው፣ ሳይነቅፍ በልግስና ከሚሰጠው እግዚአብሔር እንዲለምን በመጋበዝ ነው። የሚገሠጸውም ሁለት አሳብ ያለው ሰው ነው፤ ይኸውም ለመኖር አንድ እግሩን እዚህ፣ አንድ እግሩን እዚያ አድርጎ መወሰን የማይፈልገው። በእንባ «እውነቱን አሳየኝ» የሚለውን ሰው በዚህ ጥቅስ መምታት፣ ቃሉን ላልተነገረለት ሰው ማዋል ነው።

ከወኅኒ የተላከ ጥያቄ

ስለ ጥርጣሬ ከተጻፉት ታሪኮች ሁሉ እኔን አጥብቆ የሚይዘኝ የመጥምቁ ዮሐንስ ነው። ይህ ሰው ኢየሱስን በዮርዳኖስ አጥምቋል፤ «የእግዚአብሔር በግ» ብሎ በጣቱ አሳይቷል። በኋላ ሄሮድስ አሰረው። ከወኅኒ ሆኖም ደቀ መዛሙርቱን ልኮ «የሚመጣው አንተ ነህን? ወይስ ሌላ እንጠብቅ?» ብሎ አስጠየቀ (ማቴዎስ 11፥3)። አንዳንድ የጥንት አባቶች ዮሐንስ ይህን ያስጠየቀው ለራሱ አይደለም፣ ደቀ መዛሙርቱ እንዲማሩ ብሎ ነው ብለው ተርጉመዋል። ትርጓሜው ይከበራል። ታሪኩን በቀጥታ ለሚያነበው ግን የታሰረ፣ የጠበቀው ነገር የዘገየበት ሰው ድምፅ ይሰማበታል። መጥረቢያ በዛፎች ሥር ተቀምጧል ብሎ የሰበከ ነቢይ ነው፤ አሁን ዛፉ እንደ ቆመ ነው፤ እስር ቤት ያለው ደግሞ እርሱ ነው።

ኢየሱስ አልተቆጣም። «ያያችሁትንና የሰማችሁትን ንገሩት» ብሎ ዕውሮች እንደሚያዩ፣ አንካሶች እንደሚሄዱ፣ ሙታን እንደሚነሡ፣ ለድሆች ወንጌል እንደሚሰበክ ዘረዘረ። መልሱ ማስረጃ ነው፤ ያውም ዮሐንስ በሚያውቀው በኢሳይያስ ቋንቋ። እዚህ ላይ ግን ልብ የሚሰብር ነገር አለ። በኢሳይያስ 61፥1 ለድሆች የምሥራች ከሚለው ቃል ጋር ለታሰሩትም መፈታት ተጽፏል። ኢየሱስ ለታሰረው ዮሐንስ በላከው መልስ ውስጥ ያ ሐረግ የለም። ዮሐንስም አልተፈታም፤ በዚያው በወኅኒ ተገደለ። ይመጣል ያለው በእርግጥ መጥቷል፤ የመጣው ግን ዮሐንስ ይጠብቀው በነበረው መንገድ አልነበረም። «በእኔም የማይሰናከል ሁሉ ብፁዕ ነው» የሚለው ቃል የተነገረው ይህንኑ ለመሸከም ለተጠራ ሰው ነው።

መልእክተኞቹ ከሄዱ በኋላ ኢየሱስ ወደ ሕዝቡ ዞሮ ከሴቶች ከተወለዱት መካከል ከዮሐንስ የሚበልጥ አልተነሣም አለ። ጥያቄው የተሰማው ገና በዚያው ሰዓት ነው፤ ዮሐንስ ግን በሕዝብ ፊት አላፈረም፤ ተመሰገነ። የሚጠራጠርን አገልጋይ ወዲያውኑ ስሙን ማጥፋት የሚቀናቸው ሰዎች ይህን ክፍል ደጋግመው ቢያነቡት መልካም ነው።

የአእምሮ ጥያቄ የአእምሮ መልስ ይፈልጋል

አንዱ የጥርጣሬ ዓይነት በእርግጥ የእውቀት ጥያቄ ነው። ኢየሱስ በእርግጥ ከሞት ተነሥቷልን? ወንጌሎቹ ይታመናሉን? ዘፍጥረትና ሳይንስ እንዴት ይታረቃሉ? እነዚህን በ«ዝም ብለህ እመን» መመለስ ጠያቂውን መናቅ ነው፤ ክርስትናንም ማሳነስ ነው፣ ክርስትና ራሱን ለምርመራ ያቀረበ እምነት ነውና። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 15 ክርስቶስ ካልተነሣ ስብከታችን ከንቱ፣ እምነታችሁም ከንቱ ናት ብሎ ሁሉን ነገር በአንድ ክስተት ላይ አንጠለጠለው። በዚያው ምዕራፍ ጌታን ያዩትን ሲቈጥር ከአምስት መቶ የሚበዙ ወንድሞችን ይጠቅሳል፤ የሚበዙቱ እስከ አሁን አሉ ይላል። ደብዳቤው የተጻፈው በ55 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ ማለትም ከስቅለቱ 25 ዓመት ያህል ብቻ ቆይቶ ነው። ሄዶ መጠየቅ ይቻል ነበር ማለት ነው። ይህ ብቻውን ትንሣኤን አያረጋግጥም፤ ነገር ግን ታሪኩ ከብዙ ትውልድ በኋላ ቀስ በቀስ የተፈጠረ አፈ ታሪክ ነው የሚለውን አስተያየት በጣም ያዳክመዋል።

በዚህ ዓይነት ጥርጣሬ ላይ አንድ ነገር አስተውያለሁ። ሰውን ብዙ ጊዜ የሚያናውጠው መረጃው ሳይሆን መረጃውን የሰማበት መንገድ ነው። ለምሳሌ የማርቆስ የመጨረሻ ክፍል (16፥9-20) እና በዮሐንስ ወንጌል የምትገኘው በምንዝር የተያዘች ሴት ታሪክ (7፥53-8፥11) በ4ኛው መቶ ዘመን በተጻፉት በሁለቱ ታላላቅ የግሪክ ቅጂዎች፣ በሲናይቲከስና በቫቲካነስ፣ ውስጥ የሉም። ይህን ከክርስትና ተቃዋሚ በቪዲዮ የሰማ ወጣት «ለካ ሲደብቁን ኖረዋል» ይላል። የደበቀው ግን የለም፤ በብዙ የመጽሐፍ ቅዱስ እትሞች በግርጌ ማስታወሻ ተጽፎ ይገኛል። የትንሣኤው ዜናም በእነዚህ ክፍሎች ብቻ የተንጠለጠለ አይደለም፤ ማርቆስ ራሱ በ16፥1-8 ባዶውን መቃብርና «ተነሥቷል» የሚለውን ቃል ይዟል። ወጣቱ ይህን አስቀድሞ ከገዛ መምህሩ አፍ ቢሰማው ኖሮ እንዲህ ባልተናወጠ። ስለዚህ አስቸጋሪ ነገሮችን በቤት ውስጥ፣ በፍቅር፣ አስቀድሞ ማስተማር የመምህራን ዕዳ ነው እላለሁ።

ሁለተኛው ነገር ደግሞ ጥያቄው የነካው የእምነቱን ምሰሶ ነው ወይስ በምሰሶው ላይ የተሰቀለን ነገር ነው ብሎ መለየት ነው። በ325 በኒቅያ ተጀምሮ በ381 በቁስጥንጥንያ የተስፋፋውን የሃይማኖት መግለጫ ያየ ሰው፣ ዓለም ስንት ዓመቷ እንደ ሆነ የሚናገር ዓረፍተ ነገር አያገኝበትም። አውግስጢኖስ ከ1600 ዓመት በፊት የዘፍጥረት 1 ቀናት እኛ እንደምናውቃቸው ቀናት ላይሆኑ ይችላሉ ብሎ ጽፏል፤ ታላቁ ባስልዮስ ግን ቀናቱን እንደ ተለመዱ ቀናት ወስዷቸዋል። ሁለቱም የቤተ ክርስቲያን መምህራን ናቸው። አንድ የአተረጓጎም አስተያየት ሲነቃነቅበት ሙሉ እምነቱን ጠቅልሎ የሚጥል ሰው፣ ብዙ ጊዜ የአስተያየቱንና የእምነቱን ልዩነት የነገረው ሰው የለም።

አውግስጢኖስ ራሱ የጥያቄ ሰው ነበር። በወጣትነቱ ብርሃንና ጨለማ ሁለት ተፋላሚ ኃይሎች ናቸው ብሎ ካስተማረው ከማኒ ተከታዮች ጋር ለዘጠኝ ዓመት ያህል ቆየ፤ ይመልስልኛል ብሎ የጠበቀው ዝነኛው መምህራቸው ፋውስጦስ ንግግር እንጂ መልስ እንደሌለው ሲያይ ተለያቸው፤ ከዚያም ምንም ነገር በእርግጥ ሊታወቅ አይችልም በሚሉ ፈላስፎች ሐሳብ ተሳበ። ወደ ክርስቶስ የተመለሰው በ386 ሲሆን በ387 በሚላኖ በአምብሮስዮስ እጅ ተጠመቀ። ያ ሁሉ ዓመት ባክኖ አልቀረም፤ በኋላ ለሌሎች ጠያቂዎች የመለሰው ጥያቄ የራሱ ነበር።

የቆሰለ ልብ

«እግዚአብሔር ካለ ይህ ለምን ሆነ?» የሚለው ቃል ከእውቀት ጥያቄ ጋር ይመሳሰላል። አንዳንድ ጊዜም በእርግጥ የእውቀት ጥያቄ ነው፤ ስለ ክፋት መኖር ብዙ የተጻፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ከአዲስ መቃብር አጠገብ ሲነገር ግን ልቅሶ ነው። ለልቅሶ ደግሞ ክርክር አይገባም። የኢዮብ ሦስት ወዳጆች ከሁሉ የተሻለ ሥራ የሠሩት በመጀመሪያዎቹ ሰባት ቀናት ነው፤ ከእርሱ ጋር በምድር ላይ ተቀምጠው ዝም አሉ። ጥፋታቸው የጀመረው ማብራራት ሲጀምሩ ነው። በመጽሐፉ መጨረሻም እግዚአብሔር የተቆጣው ሲጮኽና ሲከራከር በከረመው በኢዮብ ላይ አይደለም፤ እርሱን ወክለው ሲከራከሩ በነበሩት ላይ ነው (42፥7)። ይህ ለሰባኪ ሁሉ አስፈሪ ቃል ነው።

መዝሙረ ዳዊትም ለቆሰለ ሰው ቃል ያበድራል። «እስከ መቼ ትረሳኛለህ?» የሚለው መዝሙር 13፣ በሰባ ሊቃናት አቈጣጠር 12፣ ወደ ምስጋና ይዞራል። መዝሙር 88 (በሰባ ሊቃናት 87) ግን አይዞርም፤ እስከ መጨረሻው ድረስ መጽናናት ሳይሰማበት ያበቃል። እንዲህ ያለ ጸሎት በቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ መቀመጡ፣ መልስ ሳያገኙ መጸለይም ጸሎት እንደ ሆነ ያሳያል። ጌታ ራሱ በመስቀል ላይ «አምላኬ፥ አምላኬ፥ ለምን ተውኸኝ?» ሲል የጮኸው በመዝሙር ቃል ነው።

ቁስሉ ከአገልጋይ የመጣ ሲሆን ነገሩ ይለያል። በገንዘብ የተታለለ፣ በሥልጣን የተረገጠ፣ በአካሉ የተደፈረ ሰው «እምነቴ ጠፋ» ሲል መጀመሪያ የሚያስፈልገው ከጉዳት መጠበቅና ፍትሕ ነው፤ ስብከት አይደለም። በሕዝቅኤል 34 እግዚአብሔር በጎቹን ትተው ራሳቸውን የሚያሰማሩ እረኞችን ሲወቅስ ከበጎቹ ጎን ነው የቆመው። ለተበደለው ሰው «ሰውን አትይ፣ እግዚአብሔርን እይ» ብሎ ማለፍ የበዳዩን ሥራ መሸፈን ይሆናል።

ያልተጋበዘ ሐሳብ

ስለዚህኛው በአደባባይ ብዙ አይነገርም፤ ስለዚህ ቆም ልበል። አንዳንድ አማኝ፣ ብዙ ጊዜም ከሌላው ይልቅ ጠንቃቃ የሆነው፣ በጸሎት መካከል የስድብ ሐሳብ ይመጣበታል። አይፈልገውም፤ ይጸየፈዋል፤ ባባረረው ቍጥር ይመለሳል። ከዚያም «ይህ ከልቤ ባይኖር ኖሮ አይመጣም ነበር፤ ይቅር የማይባል ኃጢአት ሠርቻለሁ» ብሎ ይደመድማል።

በ7ኛው መቶ ዘመን በሲና ገዳም አበምኔት የነበረው ዮሐንስ ክሊማቆስ በዚህ ስለ ተሠቃየ መነኩሴ ጽፏል። መነኩሴው ለሃያ ዓመት ሥጋውን በጾምና በትጋህ ሲያደክም ኖረ፤ ሐሳቡ ግን አልለቀቀውም። በመጨረሻ በወረቀት ላይ ጽፎ ለአንድ ቅዱስ አረጋዊ ሰጠና ቀና ብሎ ለማየት አፍሮ በግንባሩ ተደፋ። አረጋዊው አንብቦ ፈገግ አለ። መነኩሴውን አነሣውና እጁን በአረጋዊው አንገት ላይ እንዲያኖር ነገረው፤ ይህ ኃጢአት በእኔ አንገት ላይ ይሁን፣ አንተ ግን ከእንግዲህ ከቁም ነገር አትቍጠረው አለው። መነኩሴው ከአረጋዊው በኣት ሳይወጣ ሐሳቡ ተወው ይላል ክሊማቆስ።

ሃያ ዓመት በትግል ያልሄደው፣ ለአንድ ሰው በተነገረና በተናቀ ጊዜ ሄደ። የዛሬ የሥነ አእምሮ ሐኪሞችም ከዚህ ብዙ የራቀ አይናገሩም፤ ያልተፈለገ ሐሳብን በግድ ለማፈን መታገል ያበረታዋል ይላሉ። ሐሳቡ የሰውን እንቅልፍና ሥራ የሚነጥቅ፣ ደግሞ ደጋግሞ እንዲናዘዝና ጸሎቱን «በትክክል አላልሁትም» እያለ እንደገና እንዲጀምር የሚያስገድደው ከሆነ፣ ስም ያለውና ሕክምና ያለው ሕመም ሊሆን ይችላልና ከንስሐ አባት ወይም ከመጋቢ ጋር ሐኪምም ማየት ይገባል። ይህን ማድረግ የእምነት ጉድለት አይደለም።

ከሰውነት ድካም የሚመጣም አለ። ኤልያስ በ1ኛ ነገሥት 19 «ነፍሴን ውሰድ» ብሎ ከዛፍ ሥር ሲተኛ፣ መልአኩ መጀመሪያ ያለው «ተነሥተህ ብላ» ነው። በላ፣ ተኛ፣ እንደገና በላ። «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። በከባድ ሐዘን ወይም እንቅልፍ በማጣት ውስጥ ያለ ሰው ስለ እምነቱ የመጨረሻ ውሳኔ ባይወስን ይሻለዋል። መሞትን የሚመኝ ከሆነ ደግሞ ሳይውል ሳያድር ለቅርብ ሰውና ለሐኪም ይንገር።

ዝምታው ሲረዝም

አንዳንዱ ጥያቄም ቁስልም የለውም፤ እግዚአብሔር ብቻ ዝም ብሎበታል። በ2007 እ.ኤ.አ.፣ ካረፉ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ የማዘር ትሬዛ ደብዳቤዎች ሲታተሙ ዓለም ተገረመ። ለድሆች ባገለገሉባቸው ዓመታት አብዛኛውን ጊዜ የእግዚአብሔር መኖር በውስጣቸው እንደማይሰማቸው ለንስሐ አባቶቻቸው ጽፈው ነበር። አንዳንዶች ይህን የግብዝነት ማስረጃ አደረጉት። እኔ ግን ተቃራኒውን አይበታለሁ፤ ምንም የማይሰማው ሰው በየማለዳው ተነሥቶ ለሞት የተቃረበን ሲያጥብ፣ ስሜቱ ሳይሆን እምነቱ ነው የሚሠራው። ይሁን እንጂ ይህን ለማንም በግድ የሚጫን ምሳሌ ማድረግ አይገባም። ዝምታው እንዲህ ይረዝማል ወይም እንዲህ ያበቃል ብሎ ቃል ሊገባ የሚችል ሰው የለም።

ታዲያ ምን ይደረግ?

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም። የሚጠራጠር ሰው ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ይሞክር፤ «ሁሉም ነገር ተናጋብኝ» የሚለው ጭጋግ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት የተለዩ ነገሮች ሆኖ ይገኛል። ከዚያ ዓይነቱን ይለይ። የእውቀት ከሆነ በሌሊት ከቪዲዮ ወደ ቪዲዮ ከመዝለል ይልቅ ከሁለቱም ወገን የተሻለ የተባለውን ጽሑፍ ቀስ ብሎ ያንብብ። ጸሎቱን ሳያሳምር ይጸልይ፤ የዚያ የታመመው ልጅ አባት ሦስት ቃላት ይበቃሉ። ስለ ቅዱስ ቁርባን አብያተ ክርስቲያናት የተለያየ ሥርዓት ስላላቸው ብቻውን ከመወሰን የንስሐ አባቱን ወይም መጋቢውን ይጠይቅ።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ከኅብረቱ አይለይ፤ ኅብረቱ ራሱ የጎዳው ካልሆነ በቀር። ቶማስ «ካላየሁ አላምንም» ካለ በኋላ ለስምንት ቀን ምን እንዳደረገ አልተጻፈልንም፤ በስምንተኛው ቀን ግን ከሌሎቹ ጋር በቤት ውስጥ ነበረ (ዮሐንስ 20፥26)። አልሄደም፤ አላባረሩትምም። ጌታ ሲመጣ ያገኘው እዚያ ነው፤ «ሳያዩ የሚያምኑ ብፁዓን ናቸው» ከማለቱ በፊትም የጠየቀውን ያንኑ፣ እጁንና ጎኑን፣ አቀረበለት።

ለሚሰማውም ሰው አንድ ሁለት ነገር ልበል። ልጅ «እግዚአብሔርን ማን ፈጠረው?» ብሎ ቢጠይቅ ወይም ያደገ ልጅ «አላምንም» ቢል፣ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የወላጁ ፊት የሚናገረው ከቃሉ ይበልጣል። ቁጣ ካየ ሁለተኛ አይጠይቅም፤ መጠየቁን ግን አይተውም፤ ሌላ ቦታ ይጠይቃል። መልሱን የማያውቅ ወላጅ አላውቅም ይበል፣ አብሮ ለመፈለግም ቀን ይቍረጥ፤ የቈረጠውንም ቀን አይርሳ። መጋቢ ወይም ካህን ከሆነ የተነገረውን ምሥጢር ይጠብቅ፤ በሚቀጥለው ስብከት ውስጥ ስሙን ሳይጠራ እንኳ ምሳሌ አያድርገው፤ ሰውየው ራሱን ያውቃልና።